ገብረ ጉንዳን በአራስ ቤት

ልጅ እያለሁ ላፍቶ ጅብ ነበረ። ሲመሽ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ይጮኻል፤ እናቴ በሩን በአጣና ትደግፋለች፤ እኛም ዘወር ብለን እንተኛለን። ጅብ የሰፈር ሰው ነበር ማለት ይቻላል፣ ማንም አይደነግጥለትም። እኔን እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሳ ሰውነቴን የሚወረኝ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ፍጥረት ናት። ገብረ ጉንዳን። የዚያ ሰፈር ልጆች የነበራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ክረምት ሲገባ እንደ ጥቁር ገመድ መሬት ላይ ተዘርግታ የምትሄደውን፣ ሳናያት ረግጠናት ሱሪያችንን አውልቀን የጨፈርንባትን።

የዛሬውን ላፍቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው አያምነኝም እንጂ ያኔ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ የሽምብራና የጤፍ ማሳ ነበር። ቤቶቹ አንድ እዚህ አንድ እዚያ የተበተኑ ናቸው፤ በመሃላቸው የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ያልፋል። የኛ ቤት የጭቃ ነው፤ ወለሉ ላስቲክ ምንጣፍ የለበሰ አፈር፣ ኮርኒሱ ተገጣጥሞ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት። አባቴ የመንገድ ሥራ መኪና ሹፌር ስለነበር መስክ ከወጣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ከአጥራችን ማዶ እትዬ አማረች ትኖራለች። አገሯ ከምባታ ነው፤ ባሏ ግንበኛ፣ እሷ ደግሞ መንገድ ዳር ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ሽንኩርቷን ስትደረድር እንኳ የምትዘምር ጴንጤ ነበረች። በአጥሩ መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበር። በዚያ ቀዳዳ ጨው ይሄዳል፣ ፍም ይመጣል፣ ወሬ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

ከሰባት ዓመት በላይ ብቸኛ ልጅ ሆኜ ኖሬ፣ ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ያን ጊዜ ቤቱ ጠበበኝ። እናቴ ከመጋረጃ ጀርባ አልጋ ላይ ናት። ልታርሳት ከደብረ ብርሃን የመጣችው ታላቅ እህቷ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ ቤቱን በአንድ ቀን ተቆጣጠረችው። እታለም ከንጋት ጀምራ ቅቤ ስታነጥርና ገንፎ ስታገነፋ የምትውል፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማትወድ ሴት ነበረች። አራስ ብቻዋን አትተውም። አራስ ፊት ሽቶ ተቀብቶ አይቀረብም። ክፉ መንፈስ ብረት ስለሚፈራ ከትራሷ ሥር ቢላዋ አይነሳም። ከሁሉ በላይ አራስ በቀትር ደጅ አትወጣም። “በቀትር የወጣች አራስማ...” ትልና ሳትጨርስ ታማትባለች። የሚያስፈራኝ ያ ያልተጨረሰው ነበር። ለኔ የደረሰኝ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ድምፅ አታሰሚ፣ ደጅ ተጫወቺ፣ ከግቢ እንዳትወጪ።

ወጣሁ እንጂ። ገብረ ጉንዳኖቹን ያገኘኋቸው ቦዩ ጋ ወርጄ ነው። ማለዳ ዘንቦ አባርቷል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ መሬቱ ይተናል። ጎንበስ ስል ገመዱ ይንቀሳቀሳል። በሁለቱ ጠርዝ ትልልቅ ራስ ያላቸው ወታደሮች መንጋጋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ በመሃላቸው ትንንሾቹ ሳይገፋፉ፣ ሳያርፉ ይጎርፋሉ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፅ አላቸው፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚያካፋ ዝናብ ዓይነት። ቦዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። አንዷ በሌላዋ ወገብ ተንጠላጠለች፣ በእሷ ላይ ሌላ፣ በዚያችም ላይ ሌላ፣ እንዲህ እያሉ ከሣር ወደ ሣር በገዛ አካላቸው ድልድይ ዘረጉ። የቀሩት በላያቸው ተሻገሩ። ድልድይ የሆኑት ዝም ብለው ተረገጡ። ከዚያ የሚያምር ነገር በዚያች ዕድሜዬ አላየሁም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያም ወዲህ ብዙ አላየሁም። ዓይናቸው እንደማያይ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወደ ቦዩ ስወርድ እታለም ደርሳብኝ ጆሮዬን ይዛ መለሰችኝ። እኔም በልቤ፣ እኔ ወደ እነሱ መሄድ ከተከለከልኩ እነሱ ለምን ወደ እኔ አይመጡም አልኩ። ለአራሷ በየሁለት ቀኑ ዶሮ ስለሚታረድ ቆዳና አጥንት ሞልቷል። በወረቀት ጠቅልዬ የመጀመሪያውን ቀን ከአጥሩ ውጭ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ አጥሩ ሥር። በሦስተኛው ቀን ማድ ቤቱ ጀርባ። በየቀኑ መጡልኝ። አጥንቱን በጥቁር ሸፍነው ሲነሱ እንደ ታጠበ ሰሐን ነጭ አድርገውት ነው። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት የምልጥ እየመሰልኩ አያቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የወንድሜ ሆኖ ነበር፤ ገንፎውም፣ ቅቤውም፣ የእናቴ ጉልበትም። እነሱ ግን የኔ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ለወንድሜ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የጮኸችው ዶሮዋ ናት። ለማግስቱ የተገዛች ነጭ ዶሮ ማድ ቤት ምሰሶ ላይ እግሯ ታስሮ ነበር። ጩኸቷ የዶሮ አይመስልም። እታለም ሮጣ ስትገባ ተከተልኳት፤ ነጯ ዶሮ ጥቁር ሆናለች። እታለም ገመዱን በጥሳ ወደ ደጅ ወረወረቻት፤ ዶሮዋም ክንፏን እያራገፈች ሽምብራው ውስጥ ጠፋች። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የታሰረ እንደማያመልጥ ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ደግሞ እጅና እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ እናቴ ጎን ተኝቷል።

ሰልፉ ከማድ ቤቱ ወጥቶ በዋናው ቤት በር ሥር ገብቶ ነበር። የግድግዳውን ጥግ ይዞ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው። ዝም ቢባል ምናልባት ጥጉን እንደያዘ ያልፍ ነበር። እታለም ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። የምድጃውን ላምባ አንስታ መሃሉ ላይ ደፋችበት። ወዲያው ተበተነ። ሰልፍ የነበረው ሁሉ በምንጣፉ ላይ፣ በመጋረጃው ላይ፣ በግድግዳው ሽቅብ ወደ ኮርኒሱ ሮጠ። ኮርኒሱ ውስጥ አይጦቹ ሲንጫጩና ሲራወጡ ከረጢቱ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። በረሮ ከላያችን ላይ ይረግፋል። አንዲት አይጥ በቀዳዳው ወድቃ በእግሬ መሃል አለፈች። ላምባው ይከረፋል፣ ወንድሜ ያለቅሳል፣ እታለም የአልጋውን እግር በመጥረጊያ ትገርፋለች። ክንዷ ላይ የሰፈሩትን አታራግፍም ነበር፤ ዓይኗ አልጋው ላይ ብቻ ነው።

“እንውጣ፣ እታለም” አለች እናቴ፣ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ አልጋው መሃል ተንበርክካ።

“በቀትር? ልትሞቺብኝ ነው? ፀሐይዋን አታዪያትም?”

አፌ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው የሚል። አልወጣም። በምትኩ እኔ ወጣሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ “እትዬ አማረች! ገብረ ጉንዳን! ቤት ገባ!” ብዬ ጮህኩ።

የሽንኩርት ልጣጭ እጇ ላይ እንደተለጠፈ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን አንዴ ቃኘችና ምንም አልጠየቀችም። “ልጁን ይዘሽ ውጪ” አለቻት እናቴን። “እኛ አገር ይሄ ሲመጣ ቤት ይለቀቅለታል። አጽድቶ ይሄዳል። ከሱ ጋር ግብግብ የለም።”

“አራስ ናት እኮ! ቀትር ነው!” አለች እታለም።

“ቀትሩን ጌታ ያውቃል። ጉንዳኑ ግን እስኪበርድ አይጠብቅም።”

“ደግሞስ የት ልትገባ? ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ይዛ እ...” እታለም የጴንጤ ቤት የሚለውን ዋጠችው። ሁላችንም ግን ሰማነው። እትዬ አማረችም ሰምታለች። ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ያን ጊዜ እናቴ፣ ከወለደች ጀምሮ ለእታለም ቃል መልሳ የማታውቀው እናቴ፣ ከአልጋው ወረደች። “ልጄን ጉንዳን ከሚበላው እኔን ቀትር ይምታኝ” አለች። ጋቢዋን በልጁ ላይ ሸፈነች፤ ከትራሷ ሥር ቢላዋውን አውጥታ ለኔ ሰጠችኝ። “ከፊቴ ሂጂ” አለችኝ።

ከበራችን እስከ ቀዳዳው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ቢላዋውን በሁለት እጄ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፤ ጋኔን ቢመጣ የቱ ጋ እንደሚወጋ አላውቅም። እግሬን ሲነክሱኝ አልጮህኩም፤ ይገባኛል ብዬ ነበርና። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ወንድሜ ማልቀሱን አቆመ። ሞተ አልኩ። ዞሬ ለማየት ፈራሁ። ገደልኩት፣ ገደልኩት እያልኩ ነው ቀዳዳውን የሾለክሁት።

አልሞተም። እትዬ አማረች አልጋዋ ላይ አስተኝታ ጨርቁን ስትፈታው ሦስት ጉንዳን ተገኘ፤ አንዷ የጆሮውን ጫፍ ነክሳለች። ስትጎትታት አካሏ ተበጥሶ ወጣ፣ ራሷ ግን አልለቀቀም። በጥፍሯ ቀስ ብላ ስትፈለቅቀው ወንድሜ ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ። እኛ ሳቅን። እታለምም ሳቀች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ክንዷ በሙሉ አብጦ ነበር።

ከሰዓቱን በቀዳዳው አሻግሬ ቤታችንን ሳይ ዋልኩ። ወደ አመሻሹ ላይ ሰልፉ እንደገና ተሰበሰበ። ከቦዩ በኩል የሚመጡት አሁን ባዶአቸውን አይደሉም፤ እያንዳንዷ ከሆዷ ሥር እንደ ሩዝ ያለ ነጭ ነገር አቅፋ ግቢያችንን አቋርጣ ወደ ማሳው ትሄዳለች። በሺህ የሚቆጠር ነጭ ነጥብ በጥቁሩ ውስጥ ይፈስሳል። የማታው ፀሐይ አርፎበት ያበራል። ፈርቼ ነበር፣ ዓይኔን ግን መንቀል አልቻልኩም።

“ልጆቻቸው ናቸው” አለችኝ እትዬ አማረች ከኋላዬ ቆማ። “ቤት እየቀየሩ ነው። እነሱም አራስ ናቸው።”

ታዲያ ባልጠራቸውም ይመጡ ነበር ማለት ነው? ይህን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ግን ጥያቄው ራሱ ጥፋቴን ያወጣብኛል፤ ስለዚህ ዋጥኩት። መሸት ሲል ወደ ቤት ስንመለስ በረሮ የለ፣ ቁንጫ የለ፣ አይጥ የለ። እታለም እንኳ ሳትወድ በግዷ “ጠርገውት ሄዱ” አለች። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እየሳቅን የምናወራው ታሪክ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴን ትኩሳት ያዛት። ክሊኒክ ወስደዋት መርፌ ተወጋች፣ ጠበል ጠጣች፣ ሁለት ሳምንት ግን አልለቀቃትም። ጡቷ ነጠፈ። ወንድሜን በላም ወተት ያዝነው፤ ክብደቱ እየቀነሰ ፊቱ የሽማግሌ መሰለ። ቀን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን እቆጥር ነበር። ዛሬ ሳስበው የአራስ ትኩሳት ሐኪም የሚያውቀው ስም አለው፤ ቀትርም ጉንዳንም አያመጡትም። ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ የነበረው ሐኪም እታለም ናት፣ እሷም ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በቀትር ያስወጣቻት እሷ ናት” አለች። እሷ ማለት እትዬ አማረች ናት። አንድ ጠዋት መዶሻ ተውሳ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ መታችው። እያንዳንዱ ምስማር ሲገባ እኔ እዚያው ቆሜ ምስማር አቀብላት ነበር።

እናቴ ዳነች፤ ወንድሜም ሰውነቱ መለስ ሲል ስሙን ተረፈ አለችው። ቆርቆሮውን ግን አላስነሳችም። ጨውም ፍምም መመላለሱ ቀረ። እትዬ አማረች መንገድ ላይ ስታገኘን “ልጁ እንዴት ነው?” ትላለች፤ እናቴም “ደህና ነው” ብላ ታልፋለች። ራሷን ስትከላከል አንድ ቀን አልሰማሁም። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ማዶ መዝሙሯ ይሰማኛል፤ በየጠዋቱም ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ እያደግሁ ስሄድ ውስጡ ባዶ እየሆነ፣ ዱቄቱ እየረገፈብኝ ኖርኩ። ቦታው ለግንባታ ሲፈለግ እነሱ ወደ ለቡ ሄዱ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ነገሩም በዚያው ተቀበረ።

እነሆ ተረፈ የፊታችን እሑድ ሊሞሸር ነው። የጥሪ ካርዶቹን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ እየጠራችልኝ። የእትዬ አማረችን ስም አልጠራችም። እኔ ግን አንዱን ካርድ ደብቄ ጻፍኩላትና ትናንት ልጇን አፈላልጌ ለቡ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ሽንኩርቷ ግን አሁንም በረንዳው ላይ በልኩ ተደርድሯል። ካርዱን ሰጥቻት ሻይ ከቀረበልኝ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። አጥንቱን፣ ቆዳውን፣ ሦስቱን ቀን። ሻዩ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

“አውቃለሁ” አለችኝ።

“ምኑን?”

“አጥሩ ሥር ስታስቀምጪ አይቼሻለሁ። የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩሽ። እሱ የኔም ጥፋት ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? እታለም ስምሽን እያነሳች፣ ቆርቆሮው እየተመታ...”

“እናትሽ እኔን ብትጠላኝ ጎረቤት ነኝ፤ እችለዋለሁ። አንቺን ብትጠላሽ ግን፣ ሰብልዬ፣ በስምንት ዓመትሽ የት ትሄጃለሽ?”

እሷ ካርዱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የወንድሜን ስም በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ቀና ሳትል “እናትሽ ታውቃለች?” አለችኝ።

“አታውቅም።”

“አሁን የራስሽ ቤት አለሽ?”

“አለኝ። ባልም ልጅም አለኝ።”

“እንግዲያው” አለች፤ ካርዱንም ፖስታው ውስጥ መለሰችው።

ከለቡ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ላፍቶ ስመለስ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ቦዩ የነበረበት ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሽምብራው የነበረበት የሸቀጥ ሱቅና የቆመ የሲሚንቶ ሚክሰር። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ አርባ አባወራ አለ፤ ከፊት ለፊት በር ያለውን ሰውዬ ስም አላውቀውም። የግቢው ሰው ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ግን አለን። ባለፈው ወር ልጄ ደረጃ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የአበባ ማሰሮ ስትሰብር አንዱ ከመስኮቱ አይቷት ኖሮ ወዲያው ፎቶዋን ግሩፑ ላይ ለጠፈው፤ እኔ ቤት ሳልደርስ አርባ ሰው አውቋል። ልጄ ሦስት ቀን ደረጃውን በሩጫ ነበር የምትወርደው። እኔ ግን በሷ ዕድሜ የሚያየኝ ሰው ነበረኝ፤ አይቶም ስለኔ ሠላሳ ዓመት የተረገጠ ሰው። ሳላውቀው አልፎኝ መኖሩ ያንገበግበኛል።

ወደ ቤቴ የምወርድበትን ፌርማታ አሳልፌ የእናቴ ሰፈር ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። እናቴ በሩን የከፈተችው ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነው፤ መርፌው እጇ ላይ ነበር።

“ምነው፣ ፊትሽ? ካርዱ ጎደለ እንዴ?” አለችኝ።

“አልጎደለም፣ እማዬ” አልኳት። “እስቲ ተቀመጪ።”